ሙቀቱ ሲቀንስ ድምፁም ይቀንሳል፦ ለሳሎን የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር አመራረጥ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመተሐራ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔና በየመንገዱ ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሳሎን ኮምፒውተር ነው። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን ፊልም፣ ኳስ፣ መዝሙር ወይም የሠርግ ቪዲዮ የምናይበት፣ ቡፌው ላይ ብዙ ቦታ የማይይዝ፣ ድምፁም የማይረብሽ ኮምፒውተር ስንገዛ የትኛውን ዕቃ እንምረጥ? ቁጥሮችን ስለማነሳ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ዋና ዋናዎቹን መጨረሻ ላይ እደግማቸዋለሁ።

መጀመሪያ ችግሩን እንወቀው። ያረጀ ዴስክቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል። ንግግሩን ለመስማት ድምፁን ከፍ ታደርጋላችሁ። ወዲያው ተኩስ ይመጣና ቤቱ ይናወጣል፣ የተኛው ሕፃን ይነቃል፣ እንደገና ሪሞት ፍለጋ ነው።

ይህ የኮምፒውተር ጩኸት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ማራገቢያው ነው፤ ብዙዎቻችን ፋን የምንለው። ሁለተኛው ውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበት ሃርድ ዲስክ ነው። የሃርድ ዲስኩ መፍትሔ ቀላል ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ማራገቢያውን ግን የሚያስጮኸው ሙቀት ነው። ኮምፒውተር ከሶኬቱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 100 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ሳሎናችሁ ውስጥ 100 ዋት ሙቀት ይለቃል፤ ያን ሙቀት ከሳጥኑ ለማስወጣት ማራገቢያው መሮጥ አለበት። 15 ዋት ብቻ የሚበላው ማራገቢያውን ብዙ አያስቸግረውም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ «ይህ ዕቃ ስንት ዋት ይበላል?» ሱቅ ስትገቡ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ጥያቄው በየትኛውም አገር ይሠራል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የአካባቢያችን ሙቀት ነው። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ በ20 ዲግሪ አየር፣ 33 ዲግሪ ከሆነም በ33 ዲግሪ አየር ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀዝቃዛ ምሽት ጸጥ ብሎ የሚሠራ ኮምፒውተር በግንቦት መተሐራ ሲገባ፣ ያንኑ ሥራ እየሠራ፣ ውስጡ በ13 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል፤ አለዚያም ማራገቢያው ፍጥነት ይጨምራል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋቸው የኮምፒውተር ግምገማዎች ብዙዎቹ በቀዝቃዛ አገር የተሠሩ ስለሆኑ «ድምፁ አይሰማም» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም እንዲሁ ይቀንሳል። ሻሸመኔ ከአዳማ ከፍ ስለምትል አየሩ የባሰ ይሳሳል፤ ነገር ግን ቀዝቀዝ ስለሚል ይካካሳል። መተሐራ ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ይበረታል። አዳማ መካከል ላይ ሆና ከሁለቱም ችግር ድርሻዋን ትወስዳለች።

ሦስተኛው ነፋስና አቧራ ነው። ከአዳማ ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የሚታዩትን የነፋስ ተርባይኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት ኃይል አላቸው። እነሱን የሚያዞረው ነፋስ በመስኮትና በበር ሥር አቧራ ይዞ ይገባል። ማራገቢያ አየር ሲስብ አቧራውንም ይስባል። አቧራው የማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች መካከል ሲጋገር ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በተገዛበት ወር ጸጥ ያለው ኮምፒውተር በዓመቱ መጮኽ የሚጀምረውም በዚህ ነው።

ተርባይኖቹን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ማራገቢያ መጠን አንድ ነገር ያስተምሩናል። ክንፋቸው ግዙፍ ስለሆነ ቀስ ብለው እየዞሩ ብዙ አየር ይጠርጋሉ። የኮምፒውተር ማራገቢያም እንደዚያው ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማራገቢያ 4 ሴንቲ ሜትር ካለው ጋር ሲነጻጸር 9 እጥፍ የሚበልጥ አየር የሚያልፍበት ቦታ ስላለው መሮጥ አይጠበቅበትም። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ድምፅ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ደግሞ ጆሯችን በግማሽ እንደቀነሰ አድርጎ ነው የሚሰማው። ፍጥነቱን ትንሽ ብቻ ዝቅ ማድረግ እንኳ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ችግሩ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትልቅ ማራገቢያ አይገባም። ስለዚህ ሳጥኑ ባነሰ መጠን ዋቱም ማነስ አለበት።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንግባ። በፕሮሰሰሩ እንጀምር፤ ዋናው የሙቀት ምንጭ እሱ ነው።

ፊልም ለማየት ኃይለኛ ፕሮሰሰር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የቪዲዮውን ዓይነት በተፈጥሮው የሚያውቅ ፕሮሰሰር ነው። ቪዲዮ ፋይል ሲዘጋጅ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ስናየው ደግሞ መፈታት አለበት። የመጨመቂያ ዘዴዎቹ በርካታ ናቸው። የቆየው ኤች 264 ይባላል። ፋይሉን ይበልጥ የሚያሳንሰው ኤች 265 ነው፤ ሄቭክም ይሉታል፤ ከቴሌግራም በምታወርዷቸው ወይም ፍላሽ ላይ በምታስጭኗቸው ፋይሎች ስም ላይ «ኤክስ 265» ተብሎ ታዩታላችሁ። ዩቲዩብ ደግሞ ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 የተባሉትን በብዛት ይጠቀማል።

ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ካለ ፊልሙ በጥቂት ዋት ይፈታል። ከሌለ ግን ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ሊፈታው ይታገላል። ድምፁ እየሄደ ምስሉ የሚቆራረጠው፣ ማራገቢያውም የሚያብደው በዚህ ጊዜ ነው። ያው ፊልም፣ ያው ቴሌቪዥን፤ ልዩነቱ የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ብንወስድ፣ እንዲህ ጻፉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው ስድስተኛው ጀነሬሽን መደበኛውን ሄቭክ ይፈታል፤ 10 ቢት የሚባለውን፣ ቀለሙ የበለጸገውን ሄቭክ ግን በአግባቡ አይችልም። ሰባተኛው ጀነሬሽን 10 ቢቱንም ቪፒ 9ንም ይፈታል። ኤቪ 1ን ለመፍታት ደግሞ ከ11ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ መሆን አለበት። እንግዲህ መነሻችን ሰባተኛው ነው። ጀነሬሽኑን የምታውቁት በስሙ ላይ ካለው ቁጥር ነው። ኮር አይ 5 7500 ከተባለ መጀመሪያ ያለው 7 ሰባተኛ መሆኑን ይነግራችኋል፤ 10400 ከሆነ ደግሞ 10 የሚለው አሥረኛ ማለት ነው።

ከቁጥሩ በኋላ የምትመጣውን የእንግሊዝኛ ፊደል ልብ በሉ። ምንም ፊደል የሌለው አይ 5 7500 የተሠራው ለ65 ዋት ነው። መጨረሻው ላይ ቲ የተጨመረበት 7500ቲ ግን ለ35 ዋት ነው። ኬ የምትል ፊደል ካያችሁ ደግሞ ፍጥነት ለሚወዱ ተጫዋቾች የተሠራና ብዙ ሙቀት የሚያመነጭ ነው፤ ለሳሎን አይሆንም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ የግድ ከሆነባችሁ ስምንተኛውን ምረጡ። ካልሆነ ሊኑክስ ጭናችሁ ኮዲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሰባተኛውን ለዓመታት መጠቀም ትችላላችሁ።

ታዲያ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በምን ዓይነት ሳጥን እናገኛቸዋለን? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ያገለገለ የቢሮ ሚኒ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉት ናቸው። ወፈር ካለ መጽሐፍ አይበልጡም። ብዙዎቹ ባለ ቲ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ባለ 35 ዋት ናቸው። ፊልም ሲያሳዩ በጠቅላላው ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው የሚበሉት። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ሁለተኛው ኢንቴል ኤን 100 የተባለውን ፕሮሰሰር የያዙ አዳዲስ ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው። ኤን 100 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የወጣ፣ ለ6 ዋት የተሠራ ነው፤ ኤቪ 1ንም ይፈታል። ከነዚህ ሳጥኖች አንዳንዶቹ ጭራሽ ማራገቢያ የላቸውም። ማራገቢያ የሌለው ሲባል ደስ ይላል፤ ሆኖም አካሉ ወፍራም ብረትና ክንፍ ክንፍ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ያኔ ፊልሙ ይንቀረፈፋል። ለመተሐራና ለመሰል ቆላ ከተሞች ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ ያለውን ብትመርጡ ይሻላል።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለውን ዴስክቶፕ ማሻሻል ነው። ድምፁን መቀነስ ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ግን ብዙም አትቀንሱትም። ዴስክቶፑ 70 ዋት፣ ሚኒው 15 ዋት ይበላሉ ብንል ልዩነቱ 55 ዋት ነው። በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በወር 6.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ቆጣሪያችሁ ላይ ይታያል። ለብቻው የሚገጠም የግራፊክስ ካርድ ግን አትግዙ፤ ለፊልም አያስፈልግም፣ ብዙ ጊዜም የራሱን ጯሂ ማራገቢያ ይዞ ይመጣል።

[አጭር ሙዚቃ]

ራም ላይ ብዙ አንቆይም። 8 ጊጋባይት በቂ ነው። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ብትገጥሙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ በተሻለ ይሠራል።

አሁን ቀጠሮ ወደ ሰጠሁት ሃርድ ዲስክ ልመለስ። ዊንዶውሱ ወይም ሊኑክሱ የሚቀመጠው ኤስኤስዲ ላይ ይሁን። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ድምፁ ዜሮ ነው፤ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። ብዙ ፊልም የምታከማቹ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሹን፣ ባለ ሁለት ተኩል ኢንቹን ሃርድ ዲስክ ጨምሩ። አንድ ፊልም 2 ጊጋባይት ቢሆን 1 ቴራባይት ላይ 500 ገደማ ይገባል። ዲስኩን በቀጥታ ቡፌው እንጨት ላይ ካስቀመጣችሁት እንጨቱ ንዝረቱን ያጎላዋል፤ ከሥሩ ትንሽ ላስቲክ አድርጉለት፣ በጨርቅ ግን አትጠቅልሉት።

ቀጥሎ ኃይል። ይህ ለእኛ ከተሞች ትልቅ ጉዳይ ነው። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፤ ምሽት ላይ ሁሉም ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። የሚኒ ኮምፒውተሮች አንዱ በረከት በላፕቶፕ ዓይነት አዳፕተር መሥራታቸው ነው። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ኢንፑት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። 220 መሆን የነበረበት ወደ 170 ቢወርድ እንኳ አይሰማውም። አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ያለው፣ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለበት ፓወር ሰፕላይ ግን በዚህ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ አዳፕተሩ ከሳጥኑ ውጭ ስለሚቀመጥ የራሱ ሙቀት ኮምፒውተሩ ውስጥ አይገባም። ቮልቴጁ በድንገት ሲዘል ግን አዳፕተርም አይተርፍም፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

ለዩፒኤሱ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የተለመደው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ አለ። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። ከዚህ የምንጠቀምበት ግማሽ ያህሉን ነው እንበል፤ 42። ሚኒው 15 ዋት፣ ቴሌቪዥኑ 40 ዋት ቢበላ ድምሩ 55 ነው። 42ን ለ55 ስናካፍል 45 ደቂቃ ገደማ እናገኛለን። ባለ 100 ዋት ዴስክቶፕ ከዚያው ቴሌቪዥን ጋር ቢሆን ኖሮ 20 ደቂቃም አይሞላ። ዋት መቀነስ እዚህም ጠቀመን። የዩፒኤስ ባትሪ ሙቀት እንደማይወድም አትርሱ፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት።

ወደ ኬብሉ እንሂድ። ቴሌቪዥናችሁ ፉል ኤችዲ ከሆነ ማንኛውም ኤችዲኤምአይ ይበቃል። ፎርኬ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ። 1.4 የተባለው አሮጌ ኤችዲኤምአይ ፎርኬን የሚያሳየው በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ነው፤ 60 እንዲሆን 2.0 ያስፈልጋል። ያገለገሉ የቢሮ ሚኒዎች አብዛኞቹ ዲስፕሌይ ፖርት አላቸው፤ እሱ 60ውን ስለሚችል ፎርኬ በ60 የሚደግፍ መቀየሪያ ገዝታችሁ ማገናኘት ነው።

አሁን የአቀማመጥ ነገር። ጥሩ ዕቃ መርጠን በአቀማመጥ የምናበላሸው ብዙ ነን። በር ያለው ቡፌ ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡት፤ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። ሪሲቨሩ ላይም አትደርቡት፤ ሪሲቨሩ ራሱ ይሞቃል። እናቶቼና እኅቶቼ፣ ዳንቴሉ ቤት ያሳምራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ይቅር፤ የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። ከኋላው ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል አርቁት። አቧራውን በሦስት ወር አንዴ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። በኮምፕረሰር የምታስነፉ ከሆነ ማራገቢያው በነፋሱ እንዳይዞር በጣት ያዙት፤ ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ከፍቶ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት ይቀይርላችሁ፤ ትንሽ ወጪ ነው፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

በመጨረሻ፣ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንፈትሽ? ፍላሽ ላይ አንድ ኤክስ 265 ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሂድ፤ ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው፣ በአንድ ደቂቃ ምንም አይታወቅም። በዚህ መካከል ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ጂፒዩ የሚለውን ተጫኑ። «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሲፒዩ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከቆየ፣ ፕሮሰሰሩ ፊልሙን በተፈጥሮው እየፈታው ነው። ሲፒዩ ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ ግን ወይ ፕሮሰሰሩ አይችልም፣ ወይ የማጫወቻው ፕሮግራም ሃርድዌር አክስለሬሽን ጠፍቷል። ከዚያ ጆሯችሁን አስጠጉ። ማራገቢያው ወጥ በሆነ ድምፅ መዞር አለበት፤ ካንቋቋ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ ተበልቷል ማለት ነው። አዳፕተሩም የራሱ መሆኑን ጠይቁ።

[ሙዚቃ ከሥር ይገባል]

አድማጮቻችን፣ እንግዲህ ቃል በገባሁት መሠረት ልድገመው፤ ጻፉ። ፕሮሰሰር፦ ቢያንስ ሰባተኛ ጀነሬሽን፣ ባለ ቲ፣ 35 ዋት፤ ወይም ኤን 100። ለዊንዶውስ 11 ስምንተኛና ከዚያ በላይ። ራም፦ 8 ጊጋባይት። ማስቀመጫ፦ ኤስኤስዲ 240። የግራፊክስ ካርድ፦ የለም። አዳፕተር፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት። ለፎርኬ ቴሌቪዥን፦ ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት። አቀማመጥ፦ ክፍት ቦታ፣ ከግድግዳ አንድ ጋት ርቆ፣ ዳንቴል ሳይለብስ።

የቤት ሥራም አለ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን የኮምፒውተር፣ የሪሲቨርና የቴሌቪዥን አዳፕተር ወይም ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡና የዋቱን ቁጥር ጻፉ፤ ድምሩን ካወቃችሁ የትኛው ዩፒኤስ ቢያንስ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆያችሁ ራሳችሁ ታሰላላችሁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ይህንኑ ኮምፒውተር ከሆም ቴአትር ስፒከር ጋር ስለማገናኘት እንማራለን።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]